ልብ ወለድ ለታሪክ ያለበት ዕዳ፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ና የጎጃም ሥርዐት

፩

በአማርኛ «ታሪክ» የሚለው ቃል ሁለት ሸክም ይሸከማል። ጸሐፊው የመዘገበው የነገሥታት ዜና ታሪክ ይባላል፤ አያት ለልጅ ልጇ በምድጃ ዳር የምታወራላትም ታሪክ ይባላል። ነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮማ ላይ ያሳተሙትን የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው በሰየሙት ጊዜ ሁለቱን ትርጉሞች በአንድ ስም አሰሩአቸው። ልብ የወለደው ከሆነ ያልተደረገ ነው፤ ታሪክ ከሆነ ደግሞ የተደረገ መሆን ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ካለፈ ዘመን እየቀዳ በአማርኛ የተጻፈ የፍቅር ድርሰት ሁሉ ይህን የስም ክርክር ወርሶ ኖሯል።

ክርክሩ የቃል ክርክር ብቻ አይደለም። አንደኛው ወገን፣ በተለይም የታሪክ መምህራን ወገን፣ ልብ ወለድ ያለፈውን ዘመን ያጣምማል፤ አንባቢውም የተጣመመውን እንደ ቀና ይዞ ይቀራል ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ቀንና ዓመተ ምሕረት የሚሻ ሰው ታሪከ ነገሥት ያንብብ፤ ልብ ወለድ የሚገዛ ሰው የሚገዛው ደስታውን ነው ብሎ ይመልሳል። ሁለቱ ወገኖች ሲከራከሩ በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ። ይኸውም እውነትና ደስታ እንደ ሚዛን ሳሕን ናቸው፤ አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ይላል የሚለው ሐሳብ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው ይኸው ስምምነት ነው። መመርመሪያውም ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። መጽሐፉ በአማርኛ ከተጻፉት ልብ ወለዶች መካከል በብዛት ከሚነበቡትና ከሚወደዱት አንዱ ነው፤ የጎጃም ደጋ ሰው ኑሮም በስፋት የተሣለበት ነው። ስለዚህ ነገሩ የሕዝብን ልማድና ሥርዐት ለሚያጠና ተማሪ ከጨዋታ በላይ ነው። ስለ ቅኔ ቤት፣ ስለ ርስትና ጉልት፣ ስለ ጋብቻና ስለ ስለት የሚጽፍ ተማሪ ከዚህ መጽሐፍ አንድ ገጽ ጠቅሶ እንደ ማስረጃ ቢያቀርብ፣ ምስክሩ ተቀባይነት አለው ወይስ የለውም? መልሱ እንዲሁ በጥቅሉ ይሁን ወይም አይሁን የሚባል አይደለም። ምስክሩ በየትኛው ነገር እንደሚታመንና በየትኛው እንደማይታመን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

፪

ካለፈ ዘመን የሚቀዳ ልብ ወለድ ሁሉ ለታሪክ ያለበት ዕዳ እኩል አይደለም። በአማርኛ ድርሰት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ደረጃ ይታያል።

የመጀመሪያው ደረጃ ኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው የነጋድራስ አፈ ወርቅ መጽሐፍ ነው። በውስጡ በጦርነት የተማረከ ሹም አለ፤ ወንድሟን ፍለጋ እንደ ወንድ ለብሳ የምትወጣ ልጃገረድ አለች፤ የክርስቲያንና የአረማዊ ጠብ አለ፤ በመጨረሻም ሠርግ አለ። ዘመኑ ግን ተለይቶ አይታወቅም፤ ንጉሡም ከታሪከ ነገሥቱ ከአንዱ ጋር አይገጥምም። ደራሲው ከታሪክ የተበደሩት ስለሌለ የሚከፍሉት የለም። አንባቢ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ የሚያነበው እንደ ተረት ነው፤ ተረትንም «በስንት ዓመተ ምሕረት ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ሁለተኛው ደረጃ ስማቸው በታሪክ የተጻፈ ሰዎችን ዋና ባለ ታሪክ የሚያደርገው ነው። ለዚህ ከዐፄ ቴዎድሮስ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። አቶ ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ እንባ»ን፣ አቶ አቤ ጉበኛ በ1961 ዓ.ም. «አንድ ለናቱ»ን አሳተሙ። የሁለተኛው መጽሐፍ ስም ብቻውን ፍርድ ነው፤ አንባቢው የመጀመሪያውን ገጽ ሳይገልጥ ንጉሡ አምሳያ የሌለው መሆኑ ተነግሮታል። በዚህ ደረጃ ያለው ደራሲ ዕዳው ግልጽ ነው፤ አበዳሪዎቹም በሕይወት እንዳሉ ይቈጠራሉ። የደብተራ ዘነብና የአለቃ ወልደ ማርያም ዜና መዋዕሎች አሉ፤ የውጭ አገር ሰዎች የጻፉት አለ፤ ከሁሉም በላይ የአገሬው ትዝታ አለ። ደራሲው ንጉሡ በመቅደላ በመጨረሻው ሌሊት ምን እንዳሰበ ከልቡ ሊያመነጭ ይችላል፤ ያን ሌሊት ማንም አላየምና። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የሆነውን ግን ሊለውጥ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1866 ጎንደር የተዘረፈችውንና የተቃጠለችውንም ለንጉሡ ፍቅር ሲል አልፎት ቢሄድ፣ ዝም ያለው ለደስታ ብሎ ሳይሆን ለአንድ ወገን ብሎ ነው። የጎጃም አንባቢ ይህን ከሌላው ይበልጥ ያስተውላል። የጎጃሙ ገዥ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ እ.ኤ.አ. በ1852 ጉር አምባ ላይ ከኋላው ቴዎድሮስ ከካሣ ኃይሉ ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ኋላም ተድላ ጓሉ ንጉሡን አልገዛም ብሎ በጎጃም ብዙ ዘመን ቆየ። ለአንዱ አንባቢ የጀግና መነሣት የሆነው ለሌላው የአገሩ ሐዘን ነው። ንጉሥን የሚያወድስ ልብ ወለድ አንዱን አስደስቶ ሌላውን ሲያስከፋ፣ ከደስታና ከእውነት የትኛው ይቅደም የሚለው ጥያቄ የማን ደስታ ወደሚል ጥያቄ ይለወጣል።

ሦስተኛው ደረጃ በሁለቱ መካከል ያለው ነው። ሰዎቹ ልብ የወለዳቸው ናቸው፤ አገሩ ግን በእግር የሚሄዱበት አገር ነው። በዛብህ ቦጋለ፣ ሰብለ ወንጌል መሸሻ፣ ካሣ ዳምጤ በታሪከ ነገሥት አይገኙም። ማንኩሳና ዲማ ጊዮርጊስ፣ የዓባይ በረሃና አዲስ አበባ ግን አሉ። ከማንኩሳ ተነሥቶ ወደ ዲማ የሚሄድ መንገደኛም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ጎጃምን ሲያቋርጥ ደብረ ማርቆስን በመካከል ያገኛታል። በዚህ ደረጃ ያለውን ደራሲ «ፊታውራሪ መሸሻ የሚባል ሰው ነበረን?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። የሚጠየቀው «እንዲህ ያለ ፊታውራሪ ሊኖር ይችል ነበርን? ገበሬውስ እንዲያ ሊመልስለት ይችል ነበርን?» ተብሎ ነው። ይህ ዕዳ ከሁለተኛው ደረጃ ዕዳ የቀለለ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ይከብዳል። ዓመተ ምሕረትን ከመጽሐፍ ገልብጦ ማረም የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሥርዐትን በትክክል መጻፍ ግን በሥርዐቱ ውስጥ አድጎ፣ ደግሞም ከሥርዐቱ ወጥቶ ከሩቅ ማየትን ይጠይቃል።

፫

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ሁለቱንም አግኝተዋል። የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። በልጅነታቸው በጎጃም የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተምረው ኋላ አዲስ አበባ ሄደው ወደ ዘመናዊው ትምህርት ገቡ። በኢጣልያ ወረራ ጊዜ ከራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጋር ዘምተው ተማረኩና ወደ ኢጣልያ ተጋዙ። ከነጻነት በኋላም በውጭ ጉዳይ ሥራ ላይ ሆነው ብዙ ዘመን በባዕድ አገር ኖሩ። እንግዲህ መጽሐፉ በታተመበት ዓመት ደራሲው የልጅነታቸውን ጎጃም ከኋላቸው ከተዉት ብዙ ዘመን አልፎ ነበር። ከውስጥ የነበረ ሰው ዕውቀትና ከሩቅ የሚያይ ሰው ፍርድ በመጽሐፉ ውስጥ የተገናኙት ከዚህ የተነሣ ነው።

ዕውቀቱ ለአንባቢ ደስታ ምን እንዳስገኘ ለመረዳት የታሪኩን ዋና ቋጠሮ መመልከት ይበቃል። አንድ የቅኔ ሊቅ የባላባት ልጅ ያስተምራል፤ ሁለቱ ይዋደዳሉ፤ ሊጋቡ ግን አይችሉም። ለምን አይችሉም? የአገሩን ሥርዐት የማያውቅ ደራሲ ቢሆን «ሰውየው የቤተ ክህነት ሰው ነውና» ብሎ ባለፈው ነበር። አገሬው ግን ይህን ምክንያት አይቀበልም። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ደብተራ ሚስት ያገባል፤ ቄስም ከመቀሰሱ በፊት በቍርባን ያገባል። የቅኔ መምህር መሆን ብቻውን ከጋብቻ የሚከለክል አይደለም። ስለዚህ ደራሲው ሌላ እገዳ ማግኘት ነበረባቸው፤ ያገኙትም ስለቱን ነው። የበዛብህ ወላጆች ሕፃኑ ከሕመሙ ቢድን ለእግዚአብሔር ሊሰጡት ተስለዋል። ልጁ ምንም ሳያውቅ በድንግልና ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግል ታስሯል። እገዳው ከወላጅ ፍቅር የመጣ ነው፤ የሚያሳዝነውም ለዚህ ነው። አንባቢ ይህን ሲያነብ ከልቡ የሚጨነቀው ስለቱን ከራሱ ቤት፣ ከጎረቤቱ ወይም ከደብሩ ስለሚያውቀው ነው። የአገር ልማድ በትክክል ባይታወቅ ኖሮ ይህ ጭንቀት ባልተገኘም ነበር።

ሁለተኛው እገዳ የዘር ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው የሚመጡትን ጠያቂዎች በዘር አይተካከሉንም እያሉ ሲመልሱ ልጅቱ ዕድሜዋ ያልፋል። ይህም ከሥርዐቱ ውጭ አይደለም። በደጋው ጎጃም ዘር የሚቈጠረው በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም ነው፤ ርስትም በሁለቱም ወገን ይወረስ ነበር፤ ሴት ልጅም ከርስቱ ድርሻ ነበራት። ስለዚህ የባላባት ሴት ልጅ የምትዳርበት ቤት ክብርን ብቻ ሳይሆን የመሬት ይገባኛል ባይነትን ጭምር ይቀበል ነበር። የፊታውራሪው ኩራት ባዶ ኩራት ሆኖ ቢቀርብ ኖሮ አንባቢ በሳቀበት ነበር። ክብደት ያለው ሆኖ ስለ ቀረበ ግን አንባቢ እየሳቀም ይፈራዋል።

የቅኔ ቤቱ ሥፍራም በዚሁ መንገድ ይታያል። ጎጃም የዋሸራና የጎንጅ አገር ነው፤ ከሩቅ አገር ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ ወደዚያ ይመጣል። ይህ ተማሪ ቁራሽ እየለመነ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ያድራል። ያው ሰው ቅኔ ተቀኝቶ ሊቅ ሲባል ከሹም ፊት ይቀመጣል። በአንድ ጊዜ የከበረም የተናቀም ነው። የባላባት ቤት ለወጣት ወንድ በተዘጋበት አገር ባዳ ሆኖ ከልጅቱ ጋር ለመቀመጥ የሚፈቀድለት ሰው ማን ነው? መምህሩ ነው። ሁለቱን ያቀራረበው የትምህርት ሥርዐት፣ የሚለያያቸው የዘርና የስለት ሥርዐት ነው። በታሪኩ ውስጥ አንባቢን ወደፊት የሚጐትተው ኀይል ሁሉ ከዚህ የተወለደ ነው።

የቅኔ መምህራን ሰምና ወርቅ የሚሉትን ነገር ከአንጥረኛ ቤት እንደ ወሰዱት ይታወቃል። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ይሠራል፤ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በሥፍራው ይፈስሳል። በሰሙ ላይ የነበረ ጕድለት በወርቁ ላይ ይገኛል። በዚህ መጽሐፍ የአገሩ ሥርዐት ሰም ነው፤ ፍቅሩ ወርቅ ነው። ሰሙ በጥንቃቄ ስለ ተሠራ ወርቁ አልጐደለም። ይህ ከሆነ እውነትና ደስታ እንደ ሚዛን ሳሕን ናቸው የሚለው ሐሳብ ቢያንስ ለዚህ መጽሐፍ አይሠራም።

፬

ይሁን እንጂ ሌላ ጥያቄ ይቀራል። መጽሐፉ ትክክል ሆኖ ሳለ አንባቢው የራሱን ደስታ ሲሻ ሊያጣምመው ይችላል። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ የሆነውም ይኸው ነው፤ ስፍራውም የገበሬዎቹ ዐመፅ ነው።

በመጽሐፉ ገበሬዎቹ ፊታውራሪ መሸሻ ከተለመደው ግብር በላይ የሚጠይቁአቸውን አንሰጥም ይላሉ። ፊታውራሪው ሊቀጡአቸው ይዘምታሉ። ገበሬዎቹ አበጀ በለውን አለቃ አድርገው ይገጥሙአቸዋል፤ ጌታቸውንም ይማርካሉ። አንባቢ በዚህ ሥፍራ ይደሰታል። ደስታውም የፍትሕ ደስታ ነው።

መጽሐፉ የታተመው ግን «መሬት ላራሹ» የሚለው ድምፅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይዘውት አዲስ አበባ አደባባይ በወጡ በማግስቱ ነው፤ ሰልፉ የተደረገው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዚህ የተነሣ ብዙ አንባቢ ፊታውራሪውን የመሬት ባለቤት፣ አበጀ በለውንና ጓደኞቹን መሬት የሌላቸው ጭሰኞች አድርጎ አነበበ። ይህ ንባብ ለደቡብ ኢትዮጵያ ቢሆን ብዙ እውነት በተገኘበት ነበር። ለደጋው ጎጃም ግን አይሆንም። በጎጃም ገበሬው ባለ ርስት ነበር። መሬቱን የያዘው ከአቅኚው አባት በመወለዱ ነው እንጂ ከፊታውራሪው በመከራየቱ አይደለም። የፊታውራሪው መብት ጉልት ነው፤ ይኸውም ከመሬቱ ላይ ግብር የመቀበል፣ የማዘዝና የመዳኘት መብት ነው። አሜሪካዊው ሊቅ አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ኖረው ያጠኑትንና እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙትን መጽሐፍ የተመለከተ ሰው ይህን ልዩነት በስፋት ያገኘዋል። በዚያ አገር ገበሬውና ባላባቱ ከአንድ አቅኚ አባት ተወላጅነት ሊቈጥሩ ይችሉ ነበር። ክርክሩም ሁልጊዜ «ማን የማን ልጅ ነው? ድርሻውስ ስንት ነው?» በሚል ነበር።

እንግዲህ የአበጀ በለው ዐመፅ የምን ዐመፅ ነው? መሬት ይሰጠን የሚል አይደለም። መሬቱ የእርሱ ነው። ከልማድ የወጣ ግብር አንከፍልም፤ ጌታችንም ከልማድ ሊወጣ አይችልም የሚል ነው። ስለዚህ ዐመፁ ሥርዐትን የሚያፈርስ ሳይሆን ሥርዐትን በሥርዐት አፍራሹ ጌታ ላይ የሚያቆም ነው። ደራሲው ይህን ለይተው ጽፈውታል። የለወጠው አንባቢው ነው።

ለዚህም የታሪክ ምስክር ብዙ ሳይቈይ ተገኘ። መጽሐፉ በታተመ በሁለት ዓመቱ፣ በ1960 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ዐዋጅ አወጣ። የጎጃም ገበሬ በሞጣ፣ በቢቸና፣ በዳሞትና በሌሎችም አውራጃዎች ግብሩን አልቀበልም ብሎ ተነሣ። ቢቸና ራሷ ዲማ ጊዮርጊስ የሚገኝበት አገር ናት። የገበሬው ሥጋት ሹሙ መጥቶ መሬቱን ይገምታል፤ ይለካል፤ ከዚያም ርስቱ ከእጁ ይወጣል የሚል ነበር። የተነሣው ርስቱን ለመጠበቅ ነው። አዲስ አበባ ሆኖ መጽሐፉን የመሬት ላራሹ ሰባኪ አድርጎ ያነበበ ተማሪ ይህን ዐመፅ ሲሰማ ግራ ሊጋባ ይችል ነበር። መጽሐፉን በጎጃም ሥርዐት ውስጥ ያነበበ ግን ግራ አይጋባም ነበር፤ አበጀ በለውን አስቀድሞ ያውቀዋልና።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል አይደለም። በታሪካዊ ልብ ወለድ ላይ ስሕተት ሲገኝ ዘወትር ደራሲው ይከሰሳል። ይሁንና አንባቢ የራሱን ዘመን ጠብ ወደ መጽሐፉ አምጥቶ፣ የሚያስደስተውን ብቻ ለይቶ፣ ሌላውን እንዳላየ ሊያልፍ ይችላል። የልብ ወለድን ታሪካዊ እውነት የሚጠብቅ ሰው ደራሲውን ብቻ ሳይሆን አንባቢውንም መመርመር አለበት።

፭

እስካሁን የተባለው ሁሉ ለመጽሐፉ የሚያደላ ነው። ዕዳው ያልተከፈለበት ሥፍራ የለምን? አለ፤ እርሱም አንባቢ ከሁሉ አብልጦ በሚወደው ሰው፣ በካሣ ዳምጤ በጉዱ ካሣ ላይ ነው።

ጉዱ ካሣ የፊታውራሪው ዘመድ ሆኖ ሳለ የዘርን ኩራት ይንቃል፤ ልማድን ከሥሩ ይመረምራል፤ ሕዝብ የተቀበለውን ሥርዐት እንደ ሕንፃ ቈጥሮ መሠረቱ እንደ ተናጋ ይናገራል። ሰውም እብድ ይለዋል። የንግግሩ ብርታት መጽሐፉን ከሚያስወድዱት ነገሮች ዋናው ነው። ዳሩ ግን በዚያ ዘመን በጎጃም ደጋ የነበረ፣ ከዚያም ርቆ ያልተማረ ሰው እንዲህ አድርጎ ስለ ሥርዐት ሊያስብ ይችል ነበርን? በዘመኑ እንዲህ ያለ ሐሳብ የጻፉ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በአውሮፓ የተማሩት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በሚለው ድርሰታቸው የአገሪቱን ሥርዐት ከመሠረቱ መርምረዋል። ነገር ግን የእርሳቸው ሐሳብ ከሌላ አገር ትምህርት ጋር በመገናኘት የተወለደ ነው። የጉዱ ካሣ ሐሳብ ከየት እንደ ተወለደ መጽሐፉ በበቂ አያስረዳም። አንድ አንባቢ «ይህ ድምፅ የ1920ዎቹ ጎጃም ድምፅ ሳይሆን የ1950ዎቹ አዲስ አበባ ድምፅ ነው» ብሎ ቢናገር ሊነቀፍ አይገባውም።

ስለ ጉዱ ካሣ የሚከራከር ሰው የቅኔ ቤትን ልማድ ሊያነሣ ይችላል። በቅኔ ቤት ተማሪ መምህሩን በቅኔ ሊነካ ይችላል፤ ሊቅ በንጉሥ ፊት ነገሩን ሸፍኖ ሹምን ይወቅሳል። መጠየቅና መተቸት ለጎጃም ሊቅ እንግዳ ነገር አይደለም። ይህ እውነት ነው፤ ግን ግማሽ መልስ ነው። የቅኔው ወቀሳ ሹሙን ይወቅሳል እንጂ ሹመትን አይወቅስም፤ በደለኛውን ባላባት ይነካል እንጂ ባላባትነትን አይነካም። ጉዱ ካሣ ከዚህ ድንበር አልፎ ይሄዳል።

ታዲያ ይህ ጕድለት መጽሐፉን ያፈርሰዋልን? አያፈርሰውም፤ ምክንያቱም ሊታወቅ ይገባል። ደራሲው ለጉዱ ካሣ ከዘመኑ የቀደመ ሐሳብ ሰጡት፤ ለኅብረተ ሰቡ ግን ከዘመኑ የቀደመ ጆሮ አልሰጡትም። ሰውየው ይናገራል፤ የሚሰማው የለም። ይመክራል፤ የሚታዘዘው የለም። ቅጽል ስሙ ራሱ የአገሩ መልስ ነው፤ አገሩ ያልተለመደ ሐሳብ ሲሰማ ክርክር አይገጥምም፤ «ጉድ» ብሎ ያልፋል። በመጨረሻም ጉዱ ካሣ የለወጠው ነገር የለም። ከወደዳቸው ሁለት ሰዎች ጋር በአንድ መቃብር ከመግባት በቀር ያገኘው ድል የለም። ደካማ ታሪካዊ ልብ ወለድ የሚታወቀው በዚህ ላይ ነው። በእርሱ ውስጥ የነገ ሐሳብ ያለው ጀግና ሲናገር የትናንት ሕዝብ ያጨበጭብለታል፤ አንባቢም ለጊዜው ይደሰታል፤ ያለፈው ዘመን ግን ከእጁ ያመልጣል። «ፍቅር እስከ መቃብር» አንዱን ሰው ከዘመኑ አውጥቶ ዘመኑን በሥፍራው ትቶታል። ዕዳው በአንድ ሰው ላይ ቀርቷል፤ በሥርዐቱ ላይ ግን ተከፍሏል።

፮

ይህ ሁሉ በኢትዮጵያ ብቻ የተነሣ ክርክር አይደለም። እስኮትላንዳዊው ዋልተር ስኮት እ.ኤ.አ. በ1814 «ዌቨርሊ»ን ሲያሳትም ልብ የወለደውን ወጣት በእውነተኛ ጦርነት መካከል አስገብቶ አዲስ መንገድ አወጣ። ኢጣልያዊው አሌሳንድሮ ማንዞኒም በዚያው መንገድ ሄደ። ማንዞኒ የጻፈው ታሪክ ከጎጃሙ ጋር የሚቀራረብ ነገር አለው። ሁለት ድኾች ሊጋቡ ሲሉ አንድ የአገር ጌታ ይከለክላቸዋል፤ እነርሱም አገራቸውን ትተው ይሰደዳሉ። ይህ ደራሲ ግን በእርጅናው፣ እ.ኤ.አ. በ1850 ስለ ታሪካዊ ልብ ወለድ በጻፈው ሐተታ የራሱን ሥራ ጭምር ፈረደበት። ክሱ እንዲህ ነው፤ ደራሲው የተደረገውንና ያልተደረገውን ለይቶ ቢናገር የንባቡ ደስታ ይፈርሳል፤ ሳይለይ ቢቀር አንባቢው ይታለላል። ሁለቱን በአንድነት ማስደሰት አይቻልም አለ።

ይህ ክስ በሁለተኛው ደረጃ ላይ ላሉት መጻሕፍት፣ ማለት ስለ ነገሥታት ለተጻፉት ልብ ወለዶች፣ በእውነት ይከብዳል። አንባቢ ንጉሡ ይህን ቃል ተናግሯል ወይስ ደራሲው አናግሮታል ብሎ ሲጠራጠር ንባቡ ይደነቃቀፋል። ለሦስተኛው ደረጃ ግን ክሱ ይቀላል። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» አንባቢ በዛብህ እንዳልነበረ ያውቃል፤ ስለቱ፣ ርስቱ፣ ጉልቱ፣ የቅኔው ቤት ግን እንደ ነበሩ ያውቃል። የተደረገውና ያልተደረገው በአንድ ገጽ ላይ ቢቀመጡም በተለያየ ዐይነት ነገር ላይ ስለ ሆኑ አይጋጩም። ሰዎቹ ልብ ወለድ ናቸው፤ ያሰራቸው ገመድ ታሪክ ነው።

መጽሐፉ በተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬድዮ በተተረከ ጊዜም ይኸው ታይቷል። ሬድዮው ታሪኩን ፊደል ወዳልቈጠረውም ሰው ቤት አስገባው። ስለ ስለት የሚሰማው የተሳለ ሰው፣ ስለ ጉልት የሚሰማውም ለጉልተኛ የገበረ ሰው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ አድማጭ ትክክል ያልሆነ ነገር ቢሰማ ከማንም ምሁር ቀድሞ የሚያውቅ ዳኛ ነው። እርሱ ከተደሰተ፣ ደስታው ራሱ ስለ ትክክለኛነቱ አንድ ምስክርነት ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መመለስ ይገባል። የሕዝብን ልማድና ሥርዐት የሚያጠና ተማሪ ይህን መጽሐፍ እንደ ማስረጃ ሊጠቅሰው ይችላልን? ከላይ በተመረመረው መሠረት ሦስት ነገር መለየት ያስፈልገዋል። በመጀመሪያ፣ ታሪኩ ያለ እርሱ ሊቆም የማይችለው ልማድ፣ እንደ ስለትና እንደ ዘር ቈጠራ ያለው፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚታመነው ነው፤ ደራሲው በእርሱ ላይ ቢሳሳት ታሪኩ ራሱ በአገሬው አንባቢ ፊት በወደቀ ነበርና። ሁለተኛ፣ በሰዎቹ አፍ የተነገረ ትምህርትና ፍርድ፣ በተለይም የጉዱ ካሣ ንግግር፣ መጽሐፉ ስለሚናገርለት ዘመን ሳይሆን መጽሐፉ ስለ ተጻፈበት ዘመን ይመሰክራል፤ በዚያ መልኩ ሲጠቀስ ዋጋው ትልቅ ነው። ሦስተኛ፣ አንባቢዎች ከመጽሐፉ ያገኙት ትርጉም በመጽሐፉ ውስጥ ካለው ተለይቶ መጻፍ አለበት። «ገበሬው ለመሬት ተዋጋ» የሚለው የአንባቢ ቃል ነው፤ «ገበሬው ከልማድ የወጣ ግብር አልሰጥም አለ» የሚለው የመጽሐፉ ቃል ነው።

ከዚህም በኋላ ቢሆን መጽሐፉ ለብቻው ምስክር ሆኖ መቅረብ የለበትም። በደብረ ማርቆስ፣ በዲማ፣ በማንኩሳና በቢቸና ርስት የተከራከሩ፣ በጉልተኛ ፊት የቆሙ፣ ቁራሽ ለምነው ቅኔ የተማሩ አረጋውያን ትዝታ ሳይጻፍ ካለፈ፣ የሚቀረው ምስክር ልብ ወለዱ ብቻ ይሆናል። የየደብሩን መዝገብ፣ የፍርድ ቤቱን የርስት ክርክርና የሽማግሌዎቹን ቃል ከመጽሐፉ ጎን አስቀምጦ ገጽ በገጽ ማመሳከር የተማሪዎች ሥራ ነው። ይህ ሥራ መጽሐፉን ከሚወደው አንባቢ ደስታ ምንም አይወስድበትም። ይልቁንም ሰብለ ወንጌልና በዛብህ የታሰሩበት ገመድ እንዴት እንደ ተገመደ፣ ማን እንደ ገመደው፣ ለምንስ ሊበጠስ እንዳልቻለ ይበልጥ ያስረዳዋል።